የመስሚያ መሳሪያው መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፦ ለእናት ለአባት እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይለመዳል?

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። «መብራት ጠፋ» ስላት «ምኑ ነው የሰፋው?» ትለኛለች። ቴሌቪዥኗ ደረጃው ላይ ድረስ ይሰማል። ይሄን ሁሉ እርጅና ነው ብዬ ለምጄው ነበር። የደነገጥኩት ጎረቤት ቡና ሲጠራት «ዛሬ እግሬን አሞኛል» እያለች መቅረት ስትጀምር ነው። እግሯ ደህና ነው። ጨዋታውን መከታተል አቅቷት፣ «ምን አላችሁ?» ማለቱ ሰልችቷት ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። መሃል ከተማ ደርሶ መመለስ በትንሹ ግማሽ ቀን ይበላል። ይሄን ያነሳሁት በምርጫው ላይ ትልቅ ቦታ ስላለው ነው። ሰው ስለ መስሚያ መሳሪያ ሲያወራ ዋጋውን ነው የሚያወራው። ወሳኞቹ ግን ከተገዛ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው።

መጀመሪያ ሐኪም ይያት

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጥቁር አንበሳም ቅዱስ ጳውሎስም ክፍሉ አላቸው፣ የግል ክሊኒኮችም አሉ። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። እሱንም ቤት ውስጥ በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ አትጎርጉሩት፣ ወደ ውስጥ ይገፋል። ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በ2 እና 3 ቀን ውስጥ መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሂዱ። መግል፣ ህመም፣ ማዞር ካለ ወይም አንዱ ጆሮ ብቻ ከደከመም ለሐኪሙ ንገሩት።

ከዚያ የመስማት ምርመራ ይደረጋል። ድምፅ የማያስገባ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርገው ይቀመጣሉ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ በተሰማቸው ቁጥር ምልክት ይሰጣሉ። ውጤቱ ኦዲዮግራም የሚባል ወረቀት ላይ ይወጣል፤ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ (ከ250 እስከ 8000 ሄርዝ) ያሉትን ድምፆች በየትኛው ጆሮ ምን ያህል እንደሚሰሙ ያሳያል። ወረቀቱን ተቀበሉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። በኋላ ደጋግማችሁ ትፈልጉታላችሁ።

እኔን በጣም የረዳኝ እዚያ የተነገረኝ ነገር ነው። በእድሜ የሚመጣ የመስማት መቀነስ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የመሳሰሉት ይደበዝዛሉ፣ ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል። ለዚህ ነው «እሰማችኋለሁ፣ የምትሉት ነው የማይገባኝ» የሚሉት። መጮህም ለዚህ ነው የማይረዳቸው። ብቻዋን እንዳልሆነችም ንገሯት፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ25 በመቶ የሚበልጡት ኑሯቸውን የሚያስቸግር የመስማት መቀነስ አለባቸው።

ማጉያ ሌላ፣ መስሚያ ሌላ

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ጋ ነው። ሳናስመረምር አንድ ሱቅ ውስጥ በርካሽ ያገኘነውን ገዛን። እማዬ 2 ቀን አደረገችው፣ በ3ኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ለካ ተራ ድምፅ ማጉያ ነበር። የልጅ ልጇንም የድስት ክዳኑንም እኩል ነው የሚያጮኸው። ትክክለኛው መሳሪያ በኦዲዮግራሙ ልክ ይስተካከላል፣ የደከመውን ድምፅ ለይቶ ያነሳል፣ ጆሮ የሚጎዳውን ከፍታ ደግሞ ይገድባል።

ውጭ ያለ ዘመድ «እኔ እልክላታለሁ» ካለም መጀመሪያ የምርመራውን ውጤት ላኩለት። አሜሪካ ውስጥ ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ መስሚያዎች አሉ፣ ግን የታሰቡት ቀላል ወይም መካከለኛ መቀነስ ላለባቸው አዋቂዎች ነው። ከዚያ በላይ ለደከመ ጆሮ አይበቁም።

በጣቷ ይሞከር

ሁሉም ሰው የማይታየውን፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ትንሹን ይፈልጋል። እማዬም እሱን ነበር ያለችው። የጣቷ መገጣጠሚያ ግን ያማታል። ባለሙያው ባትሪውን ራሷ እንድታወጣና እንድታስገባ ሲሰጣት 3 ጊዜ ከእጇ ወደቀ። ከጆሮ ጀርባ የሚውለውን ሲሰጣት በ2ኛው ሙከራ ገባላት። ምርጫው እዚያው አለቀ። እናንተም ሱቁ ውስጥ እናታችሁ ራሷ ታስገባ፣ ታውጣ፣ ታጥፋ። እናንተ ስራ የምትውሉ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሚያስተካክልላት ሰው የለም።

ባትሪዎቹ በቁጥርና በቀለም ይለያሉ፦ 10 ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። 10 ትንሹ፣ 675 ትልቁ ነው። በአየር የሚሰሩ ናቸው። ተለጣፊውን ከላጣችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል አየር ይግባባቸው፣ ከዚያ ነው መሳሪያው ውስጥ የሚገቡት። አንዴ ከተላጠ መልሶ መለጠፉ አያቆመውም፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ አትላጡ። ባትሪውን ልጅ ከዋጠ ሳትዘገዩ ሆስፒታል ውሰዱት።

ቻርጅ የሚደረገው ለደካማ ጣት ይመቻል። ሰፈራችሁ እንደኛ መብራት ሄድ መጣ የሚል ከሆነ ግን ቻርጅ የሚደረግበት ማስቀመጫው የራሱ ባትሪ ያለውን ጠይቁ፣ አለበለዚያ ማታ መብራት ከጠፋ ጠዋት ጆሮ የለም።

ሁለቱም ጆሮ ከደከመ ለሁለቱም መግዛት ይሻላል፣ በተለይ ጫጫታ ውስጥ ንግግር ለመለየት። ብር ካጠረ ግን በአንዱ ለመጀመር ባለሙያውን አማክሩ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ይሄን ጠይቁ፦ ማስተካከያው ስንት ጊዜ ነው ያለ ተጨማሪ ክፍያ? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? ካልተስማማት ይመለሳል? በስልክ ከርቀት ማስተካከል ይቻላል? የመጨረሻው ከከተማ ዳር ላለን ሰዎች ብዙ ታክሲ ያድናል። መልሱን ደረሰኙ ላይ አስጽፉት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ትክክለኛውን መሳሪያ አድርጋ ቤት ስንገባ እማዬ ቆም አለች። «ምንድነው የሚንሿሿው?» አለችኝ። እጇ ላይ ያለው ፌስታል ነው። ከዚያ ፍሪጁን ሰማች፣ ከዚያ የራሷን ነጠላ ጫማ። ማታ ላይ ደከማትና «አውልቂልኝ ልጄ፣ ጭንቅላቴ ዞረ» አለች። ይሄ ያለ ነገር ነው። አእምሮ ለዓመታት ያልሰማውን ድምፅ ሁሉ እኩል ያስተናግዳል፣ የቱን ችላ እንደሚል እስኪለይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

ስለዚህ ቀስ በሉ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ በቀን 1 ወይም 2 ሰዓት፣ ከአንድ ሰው ጋር። ከዚያ ቴሌቪዥን። ከዚያ 2 እና 3 ሰው ያለበት ቡና። ታክሲ፣ ገበያና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ መጨረሻ ይምጡ። በየቀኑ ሰዓቱን ጨምሩ፤ አንድ ቀን አድርጎ ሳምንት ማስቀመጥ ግን ልምምዱን ያጠፋዋል።

የራሷ ድምፅም መጀመሪያ ላይ «በርሜል ውስጥ ሆኜ እንደማወራ» ሆኖባት ነበር። ጠዋት ዳዊቷን ድምፅ አውጥታ መድገሟ በጣም ጠቀማት። ካልተሻላት ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጫፍ ሊቀየር ይችላል።

አንድ ደብተር ያዙ። «ጥሩምባ ያመኛል»፣ «የሴት ድምፅ ቀጠነብኝ»፣ «ወጥ ቤት ስሆን አልሰማም» እያላችሁ ጻፉ። ቀጠሮ ላይ «ደህና ነው» ካላችሁ የሚስተካከል ነገር የለም። ህመም ከሆነ ግን ለመልመድ ብላችሁ አትታገሱ፣ ያን ቀን ደውሉ። የሚያፏጭ ከሆነ ብዙ ጊዜ በደንብ አልገባም፣ ወይ ነጠላው ሸፍኖታል፣ ወይ ኩክ አለ። ከጆሮ ጀርባ ለሚውለው፣ ስልክ ሲደወል ቀፎውን ወደ መሳሪያው ከፍ አድርጋ ትያዝ፤ ማይክሮፎኑ ያለው እዚያ ነው።

ቤተሰቡም ይልመድ። ከወጥ ቤት «እማዬ!» ብሎ መጣራት ይቅር። ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሳችሁ፣ በተራ ተራ አውሩ።

ውሃ፣ ቅቤ፣ ጸበል

ማታ ማታ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ የባትሪውን በር ከፍታችሁ አሳድሩት። ክረምት ላይ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይደር። ሻወር ከመግባቷ በፊት ይውለቅ። ጸበል ስትሄድም እንደዚሁ፤ ተጠምቃ፣ ጸጉሯና ጆሮዋ ደርቆ ነው መልሳ የምታደርገው። ጸጉሯን ቅቤ የምትቀባ ከሆነም ቀድማ ታውልቀው፣ እጇንም በሳሙና ታጥባ ትንካው። ቅቤው ማይክሮፎኑን ይደፍነዋል። እኛ ቤት ቅቤ ቀን ቅዳሜ ነው፤ ቅቤው እስኪመጥላት ድረስ መሳሪያው ዳዊቷ አጠገብ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል።