በረዶው ሳይቀልጥ መወሰን፦ የካናዳ ሜዳ ገበሬ የውሃ ትንበያን እንዴት ይጠቀምበታል?

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው። ማኒቶባ፣ ሳስካችዋንና አልበርታ በሚባሉት የካናዳ ሜዳማ ክፍለ ሀገሮች ግን ክረምት ማለት ወራት የሚቆይ በረዶ ነው። እርሻው ይተኛል። ውሃውም ማሳው ላይ ነጭ ሆኖ ይተኛል። አፕሪል ላይ (ወሮቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ፀሐይ ስትበረታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀልጥና ወይ ኩሬ ይሞላል፣ ወይ መንገድ ቆርጦ ይሄዳል።

ይህ ነገር ለዚያ ገበሬ አንድ ዕድል ይሰጠዋል። የኛ አገር ገበሬ የሚጠብቀው ዝናብ ገና ደመና እንኳ አልሆነም። ሜዳው ላይ ግን ወደ ጅረትና ኩሬ ከሚወርደው ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከበረዶ ነው። ስለዚህ ገና ሳይፈስ ሄዶ መመዘን ይቻላል። ካልጋሪ፣ ኤድመንተን ወይም ዊኒፔግ የምትኖሩ ወገኖች ከከተማ ወጣ ስትሉ የምታዩት ያ ባዶ የሚመስል ነጭ ሜዳ የውሃ ባንክ ነው። ሂሳቡን ማንበብ እንዴት እንደሆነ በየተራ እንየው። ለጊዜው ማሳው የናንተ ነው እንበል።

1. ውሃችሁ የየት ልጅ እንደሆነ እወቁ

ቦው እና ኦልድማን የሚባሉት የአልበርታ ወንዞች ከሮኪ ተራሮች ነው የሚነሱት። የተራራው በረዶ ዘግይቶ ስለሚቀልጥ ውሃቸው የሚበረታው ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ነው። በ2013 ካልጋሪን ያጥለቀለቀው ጎርፍም ጁን ላይ፣ ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ወርዶ የመጣ ነው። አሲኒቦይንና ሱሪስ ግን የሜዳ ልጆች ናቸው። የነሱ ውሃ ማሳው ላይ ካለው በረዶ ይመጣል፣ አፕሪል ላይ። በመስኖ የምታርሱ ከሆነ የተራራውን በረዶና የግድቡን ይዞታ ተከታተሉ። ዝናብና በረዶ ጠብቃችሁ የምታርሱ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁን ማሳ።

ሦስተኛ ዓይነት መሬትም አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። ከአውሮፕላን ሲታይ እንጀራ ይመስላል፤ ዓይን በዓይን የሆነ። የጥንት የበረዶ ግግር ትቷቸው የሄደ በጣም ብዙ ትንንሽ ጎድጓዳ ኩሬዎች ናቸው። በደረቅ ዓመት እነዚህ ዓይኖች ውሃውን ይዘው ያስቀሩታል፤ ወንዙ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ከሞሉ በኋላ ግን አንዱ ወደሌላው ይገነፍላል፣ እሱም ወደሚቀጥለው። ያው የአምና በረዶ ዘንድሮ ብዙ እጥፍ ጎርፍ ሊያመጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «አምናም ይህን ያህል ጥሎ ምንም አልሆንንም» የሚል ጎረቤት ካላችሁ ኩሬዎቹ አምና ምን ያህል ባዶ እንደነበሩ ጠይቁት።

2. ኦክቶበር ላይ አካፋ ይዛችሁ ውጡ

የፀደይ ትንበያ የሚጀምረው በመኸር ነው። መሬቱ ከመጠንከሩ በፊት አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩና አፈሩን ጨብጡት። ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ እርጥብ ነው። ከተበተነ ደረቅ ነው።

እርጥብ አፈር ሲበርድ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በፀደይ የሚቀልጠው በረዶ መግቢያ ያጣና እንደ አስፋልት ላይ ውሃ ይንሸራተታል። በ2010 መኸር ዝናቡ በዝቶ አፈሩ ጠግቦ ነበር የበረደው። በ2011 አሲኒቦይን ያስከተለውን ጥፋት የማኒቶባ ሰው እስከዛሬ ያወራዋል። ሜይ ላይ መንግሥት ራሱ የወንዙን መከላከያ ግንብ አንድ ቦታ ላይ እስከመክፈት ደርሶ ነበር፤ ያልታሰበ ቦታ ላይ ከሚፈነዳ ይሻላል ተብሎ።

አፈሩ እርጥብ ከሆነ የመንገድ ስር ቱቦዎችን ሳይበርድ ጥረጉ። ደረቅ ከሆነ ደግሞ የታጨደውን አገዳ ረዘም አድርጋችሁ ተዉት። ንፋሱ የሚያመጣውን በረዶ ይዞ ያስቀራል።

3. በረዶውን መዝኑት

በረዶ በቁመቱ ያታልላል። አዲስ የወረደና ጥጥ የመሰለ 10 ሴንቲ ሜትር ቢቀልጥ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ነው። ማርች ላይ የተጠቀጠቀው ያው 10 ሴንቲ ሜትር ግን እስከ 3 ሊሰጥ ይችላል።

ስለዚህ ውስጡ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ፈልጉ። እስከ መሬቱ ድረስ ሰክታችሁ ከስር በአካፋ ደግፋችሁ አውጡት። በረዶውን ፌስታል ውስጥ ገልብጡና በኩሽና ሚዛን መዝኑ። ግራሙን ለ78.5 ስታካፍሉት ውሃው በሴንቲ ሜትር ይወጣል። 628 ግራም ከመዘነ 8 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትመለሱ። ንፋሱ ከገላጣው ጠርጎ ዛፍ ስርና ቦይ ውስጥ ይከምረዋል። ገላጣው፣ አገዳ ያለበት፣ ቦዩ፣ የዛፉ ጥግ፤ ቢያንስ አስር ቦታ።

8 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል አይደል? እዚያ የተለመደው የመሬት መለኪያ ሩብ ሴክሽን ነው፤ 65 ሄክታር ገደማ። በዚያ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ውሃ ማለት 52,000 ሜትር ኩብ ነው። 20,000 ሊትር በሚጭን ቦቴ ቢቀዳ 2,600 ቦቴ።

4. ትንበያውን ስታነቡ ሦስቱንም ቁጥር አንብቡ

የማኒቶባ የውሃ ትንበያ ማዕከል፣ የሳስካችዋን የውሃ ደኅንነት ኤጀንሲና የአልበርታ የወንዝ ትንበያ ማዕከል መረጃቸውን በነፃ ያወጣሉ። የፀደዩ ትንበያ ፌብሩዋሪ ላይ ይጀምርና ማርች ላይ ይታደሳል። የማኒቶባው የሚያወራው ስለ ሦስት ዓይነት የአየር ሁኔታ ነው፦ ምቹ፣ መደበኛና የማይመች። የማይመቸው ማለት ከዚያ የባሰ የመምጣት ዕድሉ ከአስር አንድ ነው ማለት ነው። ሰው ግን መካከለኛውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል ከድንበሩ ማዶ ታይቷል። በ1997 በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ ግራንድ ፎርክስ ከተማ፣ ቀዩ ወንዝ (ሬድ ሪቨር) እስከ 49 ጫማ እንደሚደርስ ተተንብዮ ነበር። ሕዝቡ 49ን እንደ ቁርጥ ቁጥር ወሰደው። መከላከያው ትንሽ ተጨምሮበት ተሠራ። ወንዙ 54 ጫማ አለፈ፣ ከተማዋም ሰጠመች። ትንበያው ያን ያህል መሳሳቱ በራሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። ስህተቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በግልጽ የነገራቸው አለመኖሩ ነው የጎዳቸው። ያው ጎርፍ ወደ ሰሜን ወርዶ ዊኒፔግ ሲደርስ በ1968 የተጠናቀቀው 47 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነበር ከተማዋን ያዳናት።

5. ውሳኔውን አስቀድማችሁ ጻፉ

አንድ ወረቀት ውሰዱ። «ቁጥሩ እዚህ ከደረሰ ይህን አደርጋለሁ» ብላችሁ በቀን ለይታችሁ ጻፉ። ጎርፍ ደጃፍ ላይ ሲቆም የሚያስብ ጭንቅላት አይኖርም።

ለጎርፍ፦ ዝቅ ያለ ቦታ ባለ ጎተራ ውስጥ ያለውን እህል መንገዱ ሳይቆረጥ አጓጉዙ። ነዳጅና ኬሚካል ከፍ ወዳለ ቦታ። ከብቶቹም እንዲሁ። ረባዳውን ማሳ መጨረሻ ላይ ለመዝራት አስቡ፤ ምስር ደግሞ ውሃ ላይ መቆም ስለማይወድ እዚያ አትዝሩት። ውሃውን በቦይ ወደ ጎረቤት መልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለፈቃድ ከሆነ ጠብ ነው።

ለድርቅ፦ የከብቶቹን ኩሬ አስሉ። አንድ ላም በቀን 50 ሊትር ብትጠጣ 100 ላም በ150 ቀን 750 ሜትር ኩብ ትፈልጋለች። በዚያ ላይ ፀሐይና ንፋሱ በአንድ በጋ (እዚያ በጋ ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ነው) ከግማሽ ሜትር በላይ ከኩሬው ላይ ያነሳሉ። ውሃው ሲጎድል ጨውና ሰልፌቱ ይከማቻል፣ ከብትም ይገድላል። ስለዚህ አስመርምሩ። ሳር መግዛትም ሆነ ከብት መቀነስ ካለባችሁ ማርች ላይ አድርጉት። በ2021 ድርቅ ሳር ሲጠፋ ሁሉም ከብቱን ይዞ ወደ ገበያ ወጣ። ሁሉም ሲሸጥ ዋጋው ምን እንደሚሆን የበዓል ማግስት ገበያ ያየ ያውቀዋል።

የመስኖ ገበሬዎች ደግሞ ድርሻቸውን ቀድመው ይደራደራሉ። በ2024 የደቡብ አልበርታ ተራሮች በረዶ አንሶ ግድቦቹ ጎድለው ስለነበር 38 ትልልቅ የውሃ ተጠቃሚዎች አፕሪል ላይ፣ በጋው ሳይገባ፣ ውሃ ለመካፈል ተስማሙ።

6. መቅለጥ ሲጀምር በየቀኑ እዩ

ቀን እየቀለጠ ሌሊት የሚበርድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ውሃው በዝግታ ይወርዳል። ሌሊቱም ከሞቀ፣ ወይም በረዶው ላይ ዝናብ ከጣለ፣ ወረቀታችሁን አውጡ። ቀዩ ወንዝ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ተጨማሪ ጣጣ አለው፦ ደቡቡ ቀድሞ ይቀልጥና ውሃው ገና በግግር የተዘጋ ወንዝ ላይ ይደርሳል።

ኩሬው ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ትከሉ። ውሃው ከፍ ያለበትን ቀንና ቁመቱን ጻፉ፤ ማርች ላይ ከገመታችሁት ጎን። ልዩነቱን ኦክቶበር ላይ አካፋውን ስታነሱ ትፈልጉታላችሁ።