ለውሻዎ ማይክሮቺፕ እንዴት ያስገባሉ?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ የግቢ ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይለቀቃል። አጥር ዘሎ ወጥቶ ሰው ቢወስደው ባለቤቱ ከመልኩ በቀር ማስረጃ የለውም። የአንገት ማሰሪያ ይፈታል፤ ከቆዳ ሥር የገባ ቺፕ ግን ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ለድመትም እንደዚሁ ነው።

ቺፑ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የመስታወት ብልቃጥ ነው። ባትሪ የለውም፤ ማንበቢያ መሣሪያ ሲጠጋው ብቻ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ውሻው የት እንዳለ አያሳይም።

ከቤት ሳይወጡ ደውለው ይጠይቁ። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ በአብዛኛው የሚያክመው ከብትና በግ ስለሆነ ቺፑም ማንበቢያውም ላይኖረው ይችላል። ያኔ ባሕር ዳር ያሉትን ሐኪሞች ያነጋግሩ። ቺፑ አይኤስኦ 11784 እና 11785 የተባሉትን ዓለም አቀፍ መስፈርቶች የሚያሟላና በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሚነበብ መሆኑን ያጣሩ።

ክሊኒክ ሲደርሱ ሐኪሙ በመጀመሪያ የውሻውን ሰውነት በማንበቢያው ይፈትሽ፤ ቀድሞ የገባ ቺፕ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ አዲሱን ቺፕ ገና በማሸጊያው ውስጥ እያለ ያንብብና ቁጥሩን አብሮት ከሚመጣው፣ ቁጥሩ ከታተመበት ተለጣፊ ወረቀት ጋር ያመሳክር። እርስዎ ጭንቅላቱን አቅፈው ይያዙ፤ የሚናከስ ከሆነ አፉ ይታሰር። ሐኪሙ በሁለቱ ትከሻዎች መሃል ያለውን ቆዳ አንሥቶ ቺፑን በመርፌ ያስገባዋል። ማደንዘዣ አያስፈልግም። መርፌው ከክትባት መርፌ ስለሚወፍር ውሻው ሊጮህ ይችላል፤ አይደንግጡ። እንደገና አስነብበው ቁጥሩን ሳያዩ ከክሊኒኩ አይውጡ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከቺፑ በኋላ ወይም በዚያው ቀን ይሰጥ። ውሻዎን ይዘው ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄዱ ከሆነ ይህ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦ ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት አይቆጠርም። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ውሻ ደግሞ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ በታወቀ ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላም 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። ስለዚህ ጉዞውን ከወራት በፊት ያስቡበት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ምዝገባውን ነው። ቁጥሩ ከስምዎና ከስልክዎ ጋር ካልተያያዘ ውሻውን ያገኘ ሰው እርስዎን አያገኝም። ተለጣፊውን በክትባት ካርዱ ላይ ይለጥፉ፣ ፎቶ ያንሡት፣ ቁጥሩን በዓለም አቀፍ መዝገብ ከ251 ከሚጀምረው ስልክዎ ጋር ያስመዝግቡ። ስልክ ሲቀይሩ መዝገቡንም ያስቀይሩ። ማንበቢያ ያለው ሰው በአካባቢያችን ጥቂት ስለሆነ ስልክ የተጻፈበትን ማሰሪያ ከአንገቱ አያውልቁ።

ውሻው በየዓመቱ ሲከተብ ቺፑንም ያስነብቡ። ከጊዜ በኋላ ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ትከሻው መሃል ካልተገኘ ሐኪሙ ወደ ደረቱና ወደ ፊት እግሮቹ ወርዶ ይፈልግ።