መጀመሪያ ኪኒኑ፣ ከዚያ ቡናው፦ የታይሮይድ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጅማ ላይ ታይሮይድ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው እንቅርትን ነው። አንገት ካላበጠ ሰላም ይመስለናል። ነገር ግን ይህች ከማንቁርት በታች ያለች፣ ቢራቢሮ የምትመስል እጢ ሳታብጥም ሥራዋ ሊዛባ ይችላል።

ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሳይበሉ መወፈር፣ የሆድ ድርቀት

ክረምት ላይ ለማንም ይበርዳል። በየካቲት ቀትር ጋቢ የሚደርቡ ከሆነ ግን ይመርመሩ። እጢዋ የምታመነጨው ሆርሞን አንሶ ሊሆን ይችላል። የሚታዘዘው የደም ምርመራ ቲኤስኤች ይባላል። ውጤቱ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብዙውን ጊዜ የታይሮይድ ሆርሞን አነሰ ማለት ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር የሚላክ «ሥሪ» የሚል ትእዛዝ ነው። እጢዋ ስትለግም ትእዛዙ ይበረታል። መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ነው፤ በየቀኑ፣ ለብዙዎች ዕድሜ ልክ ይወሰዳል።

ኪኒኑን እየወሰዱ ለውጥ ማጣት

እናቴ አንድ ቀን አላጓደለችም። ቲኤስኤቹ ግን አልወርድ አለ። መጠኑ ተጨመረላት፣ አሁንም ያው። አንድ ጠዋት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጀበናው ይንተከተካል። ኪኒኗን ከማሸጊያው ፈልቅቃ ምላሷ ላይ አደረገች፤ ከዚያ አቦሉን ፉት አለችበት። ችግሩ እዚያው ስኒው ውስጥ ነበር! ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል።

የጅማን ሰው ቡና ተው አልልም። እንደነቁ ኪኒኑን በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጡ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይጠብቁ። ኪኒኑን ውጠው ቡናውን መቁላት ይጀምሩ፤ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ሰዓቱ ይደርሳል። እኛ ነገሩን ለሐኪሟም ነገርን። የተጨመረው መጠን በትክክል መዋጥ ስትጀምር ሊበዛባት ይችል ነበራ። መጠን ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ደሙ እንደገና ይታያል።

የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እየበሉ መክሳት

ይህን ሁሉ ለቡናና ለጫት መስጠት ይቀናናል። እየበሉ መክሳት ግን ምርመራ ይፈልጋል። ሆርሞኑ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ፒቲዩ ወይም ሜቲማዞል የሚባለው መድኃኒት የሆርሞኑን ምርት ይቀንሳል፤ ፕሮፕራኖሎል የልብ ምቱን ያረጋጋል። አንድ ነገር አደራ፦ ፒቲዩ ወይም ሜቲማዞል እየወሰዱ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ኪኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ነጭ የደም ሴሎች ወይም ጉበት ተጎድተው ሊሆን ይችላል።

የአንገት ማበጥ

አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ይመጣል፤ ደጋማ አገር ላይ ደግሞ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ ያጥበዋል። ለዚህ ነው በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምንበላው ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደው። ሂርማታ ገበያ ሲወርዱ አዮዲን ያለበትን የታሸገ ጨው ይግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት። ወጡ ላይ የሚጨምሩት ሊወጣ ሲል ይሁን፤ ሙቀት አዮዲኑን ይቀንሳል። የቆየና የተቋጠረ እንቅርት ግን በጨው አይጠፋም። በፍጥነት ካደገ፣ ድምፅ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂዱ። አንገትን ማስተኮስና ማስበጣት እባካችሁ ይቅር።

እርግዝና

የሆርሞን ማነስ እያለ ማርገዝና ኪኒኑን በፍርሃት ማቆም፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቱን ሆርሞን ይፈልጋል፤ የኪኒኑም መጠን ብዙ ጊዜ ይጨመራል። ስለዚህ የወር አበባ እንደቀረ ለሐኪም መንገር ነው። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን ኪኒን ደግሞ ከታይሮይዱ ኪኒን ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቅ። ማታ ቢወሰድ ይሻላል።