ሕፃን ይዞ በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ወጪውን ከቤት ጀምሮ ማስላት

ውጭ አገር የሚኖሩ እኅት ወንድሞች ከአገር ቤት ቤተሰብ ጋር ለመገናኘት ክሩዝ የሚባለውን የመዝናኛ መርከብ ጉዞ ሲያቅዱ፣ በአያት፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ የሚኖሩት ወላጆች በቅድሚያ የሚጠይቁት ለሕፃኑ ስንት እንደሚከፈል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሕፃን አይከፍልም» የሚል ነው። ይህ ስለ መርከቡ መሳፈሪያ ዋጋ ብቻ ከሆነ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚነሣ ቤተሰብ ግን ከባዱ ወጪ ያለው በቪዛው፣ በአውሮፕላኑና በምንዛሪው ላይ ስለሆነ፣ ሒሳቡ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከቤት መውጫ እስከ ቤት መመለሻ ድረስ ተሠርቶ ማለቅ ይኖርበታል።

መጀመሪያ የልጁን ዕድሜ ይመልከቱ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች 6 ወር ያልሞላው ሕፃን አያሳፍሩም፤ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ወይም ብዙ ቀናት ወደብ ሳይነኩ የሚሄዱ መርከቦች ደግሞ ልጁ 12 ወር እንዲሞላው ይጠይቃሉ፤ ዕድሜው የሚታየውም መርከቡ በሚነሣበት ቀን ነው። በአገራችን የክትባት መርሐ ግብር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው፤ አንዳንድ አገሮች ከኢትዮጵያ ከሚመጣ መንገደኛ የሚጠይቁት የቢጫ ወባ ክትባትም በተለመደው አሠራር ከ9 ወር በፊት አይሰጥም። ከሺዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚሰነብት ሕፃን የኩፍኙን ክትባት መጠበቅ እጅግ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል፣ ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነና በእቅፍ የሚሄድ ልጅ በዓለም አቀፍ በረራ የሚከፍለው ባብዛኛው የዐዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ጉዞውን ከሁለተኛው ልደቱ በፊት ማድረግ ትልቅ ቁጠባ ነው። ልደቱ በጉዞው መካከል ከዋለ ግን ለመመለሻው የራሱ መቀመጫ ሊገዛለት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው መንገዱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይኸው ነው። የሜዲትራኒያን ጉዞ ለመሄድ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያገለግለው ቪዛ፣ ያስፈልጋል፤ ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለዐዋቂ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ግን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትን አስቁሟል፤ 15 ቀን የነበረውን የመደበኛ ውሳኔ ጊዜም ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ይህ ለመርከብ ተጓዥ ምን ማለት እንደሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከግሪክ ተነሥቶ የቱርክን ኩሻዳሲ ነክቶ የሚመለስ፣ ከጣሊያን ወጥቶ በሞንቴኔግሮ ኮቶር የሚያድር፣ ወይም በቱኒዝያ በኩል የሚያልፍ መርከብ ከሸንገን ክልል ወጥቶ እንደገና ይገባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ቤተሰብ ደግሞ በዚህ መንገድ መመለሻ ያጣል። ስለዚህ ውሳኔው እስካልተነሣ ድረስ፣ ወደቦቹ በሙሉ በስፔን፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያን፣ በግሪክ ወይም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሸንገን አባል በሆነችው በክሮኤሺያ ያሉ ጉዞ ይምረጡ፤ ዋጋው ጥቂት ቢወደድ እንኳ ይሻላል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከዱባይ የሚነሡ መርከቦችም ለእኛ ቅርብ ናቸው፤ ነገር ግን ኦማን ወይም ኳታር ደርሰው ሲመለሱ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚነሣ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ማግኘትዎን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ለሰነዱም ወጪና ጊዜ ይመድቡ። ሕፃኑ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል፤ ለፓስፖርቱም የልደት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በአያት የሚኖር ቤተሰብ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር በወረዳው፣ በለገጣፎ ወይም በሰበታ የሚኖር ደግሞ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ስለሚስተናገድ፣ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚመለከተው ቀድሞ ማወቅ ምልልስን ይቀንሳል። የምስክር ወረቀቱን አስተርጉሞና አረጋግጦ መያዝ በተለይ ለእናቶች ይጠቅማል፤ በእኛ ልማድ ልጁ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ስለሆነ፣ የእናቲቱ ፓስፖርት ከልጁ ጋር የሚጋራው ስም የለም፤ የውጭ አገር የድንበር ሠራተኛም ዝምድናውን ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛው ወላጅ ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ ከወረቀቶቹ ጋር ይሁን።

አሁን ወደ መርከቡ ሒሳብ እንመለስ። የክፍል ዋጋ የሚወጣው ሁለት ሰው እንደሚያድርበት ታስቦ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ ሰው በቅናሽ ይከፍላል፤ በአንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ ከሁለት ዐዋቂዎች ጋር የሚያድር ልጅ መሳፈሪያ አይከፍልም። ነገር ግን ሕፃኑም በነፍስ አድን ጀልባ ላይ ቦታ ሊኖረው ስለሚገባ እንደ አንድ መንገደኛ ይቆጠራል፤ ታክስና የወደብ ክፍያም በአብዛኛው ይጠየቅበታል። የአገልግሎት ጉርሻውን በተለይ ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ከ2 ወይም ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አያስከፍሉም፣ ሌሎቹ ግን ዕድሜ አይለዩም። ጉርሻው በነፍስ ወከፍ በቀን 16 ዶላር ቢሆን፣ በ7 ሌሊት ጉዞ ለሕፃኑ ብቻ 112 ዶላር ይጨመራል። የልጁ አያት አብረው የሚሄዱ ከሆነ ሁለተኛ ክፍል ከመያዝ ይልቅ አራት ሰው የሚያሳድር አንድ ክፍል ዋጋው እንደሚቀንስ አወዳድሩ፤ የአያት መኖር ራሱ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ሮያል ካሪቢያንና ዲዝኒ የተባሉት የመርከብ ኩባንያዎች በአንዳንድ መርከቦቻቸው ያላቸው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሆን ማቆያ የሚያስከፍለው በሰዓት ነው።

የሕፃን አልጋ በአብዛኛው ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ውስን ስለሆነ ግን ክፍሉን በያዙበት ዕለት ይጠይቁ። ዳይፐርና የዱቄት ወተት በመርከቡ ሱቅ ይወደዳሉ፤ አንዳንዴም አይገኙም፤ ስለዚህ ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ ዳይፐር ከቤት ይያዙ። ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ከሆነ የሕፃን ምግብና የዱቄት ወተት ከፋብሪካው እንደታሸገ እስከ 2 ኪሎ ማስገባት ይፈቀዳል፤ በቤት የተዘጋጀ የአጥሚት ዱቄት ግን መርከቡ በር ላይ ሊከለከል ስለሚችል የልጁ ምግብ በእርሱ ላይ ብቻ አይመሥረት። ዳይፐር ያልተወ ልጅ በብዙ መርከቦች ላይ የመዋኛ ዳይፐር ቢያደርግም ወደ ገንዳ አይገባም፤ ስለዚህ ስለ ገንዳው ብዛት ተብሎ ውድ መርከብ መምረጥ ለዚህ ዕድሜ ትርጉም የለውም። የመርከቡ መተላለፊያና በር ጠባብ ነው፤ ትልቅ የሕፃን ጋሪ ከመግዛት አንቀልባ መያዝ ወጪም ቦታም ያተርፋል።

የመርከቡ ሐኪም በክፍያ ያክማል፤ ሂሳቡም ወደ ክፍልዎ ዕዳ ይገባል። ለሸንገን ቪዛ የሚያስፈልገው የጉዞ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ሲገዙ የሕፃኑ ስም መግባቱንና ከመርከብ ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝን መሸፈኑን ያንብቡ።

ሒሳቡን በሙሉ በዶላር ወይም በዩሮ ይሥሩ። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በብር የተያዘ ዕቅድ ከጉዞው ቀን በፊት ሊጎድል ይችላል። በመርከብ ላይ ግብይቱ በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በካርድ ወይም በማስያዣ በሚከፈት ሒሳብ ስለሆነ፣ ካርዱ በማን ስም እንደሚሆን፣ የጋበዘው ዘመድ ይሁን ራስዎ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ብዙ ኩባንያዎች ቀሪውን ክፍያ የሚጠይቁት ከመነሻው 90 ቀን ገደማ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጉዞ ቢሰረዝ የሚመለሰው ገንዘብ እየቀነሰ ይሄዳል። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ቀብዱ የሚመለስበትን የመጨረሻ ቀን በጽሑፍ ተቀብለው፣ ከዚያ ቀን ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብለው ያመልክቱ፤ እንዲህ ከሆነ 45 ቀኑ አልፎ የኤምባሲው መልስ የሚመጣው ገንዘቡ ገና በእጅዎ ሳለ ነው።