ሰው የሚያዞረው የብረት ቅርጽ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ተመልካች በእጅ ወይም በፔዳል የሚያንቀሳቅሰው ቅርጽ (የጥበብ ሥራ) በሱሉልታም ሆነ በሰበታ ደጅ ላይ ከተተከለ በጋ አቧራ፣ ክረምት ዝናብ ይበላዋል። አብዛኛው ብልሽት ግን የሚመጣው ሠሪው ካልገመተው የተመልካች እጅ ነው።

ማዞሪያው ከበደ
ማዞሪያውን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኘውን ካቴና አውልቁና ማዞሪያውን ብቻውን አዙሩት። አሁንም ከከበደ ጥፋቱ የኩሽኔታው (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት) ነው። እየተፋጨ የሚዞር ኩሽኔታን ማጠብ ትርፉ ድካም ስለሆነ ቀይሩት፤ ለ20 ሚሊ ሜትር ዘንግ ቁጥሩ 6204 ነው፣ በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን ያለውን ግዙ።

ከቀለለ ደግሞ ካቴናውን እዩ። ብዙዎች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ዘይቱ አቧራ ይይዝና ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ አድርቁት፣ በየመገጣጠሚያው ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉ፣ ላዩ ላይ የቀረውን በጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ለኩት። የአዲስ ብስክሌት ካቴና 24 ማያያዣ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 307 ከደረሰ የሚያርፍበትን የማርሽ ጥርስም ሳይጨርስ ጣሉት።

እጀታው ሰው ይመታል፣ የማርሽ ጥርስ ይሰበራል
ልጆች በኃይል ያዞሩና ድንገት ይለቁታል፤ ከባዱ መንኮራኩር ግን አይቆምም፣ እጀታውን ይዞት ይዞራል። ወደ ኋላ የሚያዞርም አይጠፋም። ለሁለቱም መፍትሄው አንድ ነው፦ በመንኮራኩሩ ዘንግ ላይ፣ ወደ ኋላ ሲዞር በነፃ የሚሽከረከረውን የብስክሌት የኋላ ጥርስ ግጠሙ። እጀታውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ደግሞ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ተራ ቡሎን ይሁን። ሰው ሲንጠለጠልበት ቡሎኑ ይቆረጣል፣ ሌላው ይተርፋል። መለዋወጫ ቡሎን አጠገቡ አይጥፋ።

እንጨቱ በክረምት ተጣበቀ
ቅርጹ የእንጨት ተንቀሳቃሽ ክፍል ካለው እርጥበት አሳብጦታል። 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሞርዱለትና የተልባ ዘይት አጠጡት። ባሕር ዛፍ ስለሚጣመም ለተንቀሳቃሽ ክፍል አይሆንም።

ማንም አይነካውም
ይህ ከሁሉም ይብሳል፤ በመፍቻም አይፈታም። ተመልካቹ «አትንኩ» ሲባል ያደገ ስለሆነ እጀታው ራሱ ይጋብዘው፦ ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከመተላለፊያው በኩል፣ እጅ የሚሞላ የእንጨት መያዣ ያለው ይሁን። በመጀመሪያው ግማሽ ዙር አንድ ነገር መንቀሳቀስ ወይም መጮህ አለበት፤ አምስት ዙር የሚያስጠብቅ ከሆነ ሰው ትቶት ይሄዳል። ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ተዉ፣ ልጅ ሲጀምር አባት ይከተላል። ካቴናውንና ጥርሶቹን በላሜራ ሳትሸፍኑ ግን ለሕዝብ አትክፈቱት፤ የነጠላ ጫፍም የሕፃን ጣትም ይገባበታል።