ዌብሰብ፦ ፊድ ሲታደስ ማሳወቂያ የሚቀበል ተመዝጋቢ እንዴት ይሠራል?

በየአምስት ደቂቃው ፊድ (የአንድ ድረ-ገጽ አዳዲስ ይዘቶች የሚዘረዘሩበት ፋይል) እየከፈቱ «አዲስ ነገር አለ?» ማለት ለሁለቱም ወገን ብክነት ነው። በዌብሰብ፣ በቀድሞ ስሙ ፐብሰብሀበብ፣ አሳታሚው አዲስ ነገር ሲኖረው ለሃቡ፣ ማለትም ለመካከለኛው ሰርቨር፣ ይነግራል፤ ሃቡም ለተመዝጋቢዎች ያደርሳል። የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ (W3C) በ2018 (እ.ኤ.አ.) አጽድቆታል። የዩቲዩብ ቻናል አዲስ ቪዲዮ ሲጭን ለሰርቨራችሁ የሚነገረውም በዚሁ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ከውጭ የሚደረስበት የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ያስፈልጋል። ሎካልሆስት (የራሳችሁ ኮምፒውተር ብቻ የሚያየው አድራሻ) አይሆንም፤ ለሙከራ እንደ ኤንግሮክ ያለ ታነል (በኮምፒውተራችሁ ያለው ሰርቨር ከውጭ እንዲደረስበት የሚያደርግ መሣሪያ) ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፊድ በግምት የማይገኝ የራሱ ካልባክ (ሃቡ መልእክት የሚልክበት የእናንተ አድራሻ) ይኑረው።

ፊዱን አውርዱና የ«ሃብ» (የሃቡ አድራሻ) እና የ«ሴልፍ» (ፊዱ ራሱ የሚሰጠው አድራሻው) ሊንኮችን ፈልጉ፤ መጀመሪያ በኤችቲቲፒ ሄደሩ፣ ከሌሉ በኤክስኤምኤሉ ውስጥ። ቶፒኩ፣ ማለትም የምትመዘገቡበት የፊድ አድራሻ፣ ያወረዳችሁበት አድራሻ ሳይሆን «ሴልፍ» ያለው ነው። የአንዲት ስላሽ ልዩነት እንኳ ሌላ ቶፒክ ያደርገዋል።

ከዚያ ካልባክ፣ ሞድ (መመዝገብ ወይስ መሰረዝ)፣ ቶፒክና ሲክረት (ፊርማ የሚረጋገጥበት ምስጢራዊ ቁልፍ) በፖስት (POST) ለሃቡ ይላካሉ፤ በጄሰን ሳይሆን በተራ ፎርም። ሲክረቱ ከ200 ባይት ማነስ አለበት፤ 32 የዘፈቀደ ባይት በሄክስ ከበቂ በላይ ነው። 202 ከመጣ ጥያቄያችሁ ደረሰ እንጂ ገና አልተመዘገባችሁም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀጥሎ ነው። ሃቡ ጠያቂው እናንተ መሆናችሁን ለማረጋገጥ በጌት (GET) ወደ ካልባካችሁ ይመጣል፤ ከሞዱና ከቶፒኩ ጋር ቻሌንጅ የሚባል የዘፈቀደ ጽሑፍ ይይዛል። ቶፒኩ እናንተ የጠየቃችሁት ከሆነ 200 ብላችሁ ቻሌንጁን እንዳለ መልሱ፤ ካልሆነ 404። ሳያዩ ለሁሉም እሺ ማለት ማንም በስማችሁ እንዲያስመዘግብ በር መክፈት ነው። «እንዳለ» ሲባል ያለ ጥቅስ ምልክትና ያለ ተጨማሪ መስመር ነው፤ ጄሰን የለመደ ፍሬምወርክ ጽሑፉን በጥቅስ ምልክት ያቅፈዋል፣ ሃቡም ውድቅ ያደርገዋል። ፒኤችፒ ደግሞ እንደ hub.challenge ባለ የፓራሜትር ስም ውስጥ ያለችውን ነጥብ ወደ አንደርስኮር ይቀይራል፤ በነጥብ ብትፈልጉት ባዶ ነው። የመልሱን ዓይነት ተራ ጽሑፍ አድርጉት፤ ኤችቲኤምኤል ከሆነ በቻሌንጁ በኩል ስክሪፕት ሊገባባችሁ ይችላል።

ቅደም ተከተሉም ያጠምዳል። አንዳንድ ሃብ ለፖስቱ ከመመለሱ በፊት ማረጋገጫውን ይልካል። ስለዚህ ምዝገባውን «በመጠባበቅ ላይ» ብላችሁ ዳታቤዝ ውስጥ ከጻፋችሁ በኋላ ነው ፖስቱን መላክ። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያስተናግድ የሙከራ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ ሃቡና እናንተ እየተጠባበቃችሁ ታይምአውት ይሆናል።

ይዘቱ በፖስት ሲመጣ የፊርማው ሄደር የአልጎሪዝሙን ስም፣ የእኩል ምልክትና የሄክስ ፊርማ ይይዛል። ኤችማኩን (በሲክረቱ የሚሰላውን ፊርማ) ፓርስ ካልተደረገው ጥሬ ባይት አስሉ፤ ተፈትቶ እንደገና ከተጻፈ ኤክስኤምኤል የሚሰላው ፊርማ አይገጥምም። ካልገጠመ ይዘቱን ጣሉት፣ መልሱ ግን 200 ይሁን። ትክክለኛውንም ኪው (የሥራ ወረፋ) ውስጥ አስገብታችሁ ወዲያው መልሱ፤ ሃቡን አስጠብቃችሁ ሥራ አትሥሩ። ዩቲዩብ ርዕስ ሲስተካከልም ያንኑ ቪዲዮ ዳግም ስለሚልክ በቪዲዮው መለያ አጣሩ።

የምዝገባው ዕድሜ የሚታወቀው ከማረጋገጫው ጋር በሚመጣው የሰከንድ ቁጥር ነው፣ እናንተ በጠየቃችሁት አይደለም፤ 864000 ማለት 10 ቀን ነው። ሲሦው ሲቀር በዚያው ካልባክና ቶፒክ አድሱ። ጊዜው ሲያልፍ አሳታሚው ዝም ያለ እንጂ ምዝገባው ያበቃ አይመስልምና በቀን አንዴ ፊዱን ራሳችሁ መፈተሽ አይከፋም። ምዝገባ ስትሰርዙም ያው ማረጋገጫ ይመጣል፤ ኮዳችሁ የመመዝገቢያውን ሞድ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ 404 ይመልስና ማሳወቂያው መምጣቱን ይቀጥላል።