የናይን ቦል ብሬክን በቁጥር መያዝ፦ ምን ይመዘገባል፣ የቱ ቁጥር ያታልላል

ናይን ቦል ከ1 እስከ 9 ቁጥር ያላቸው ኳሶች ከትንሿ ጀምሮ በነጭ ኳስ የሚመቱበት የፑል ጨዋታ ነው። በትልልቅ ውድድሮቹ ስርጭት ላይ በጨዋታው መሀል አንድ ሰሌዳ ብቅ ይላል፦ ስንት ብሬክ (የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነው የመክፈቻ ምት) መታ፣ ስንቱ ኳስ አስገባ፣ ስንቱን ራክ (አንድ ዙር፤ የተደረደሩት ኳሶችም ራክ ይባላሉ) ለተጋጣሚው ተራ ሳይሰጥ ጠርጎ ጨረሰ። ነጭ ኳስ አብራ የገባችበት ምት ተቆጥሮ እንደሆነ፣ ራኩ በየትኛው ደንብ እንደተደረደረ ካላወቅን ግን ሰሌዳው ብዙ አይነግረንም። ቪዲዮ እያያችሁ ራሳችሁ ብትመዘግቡ ይህ ሁሉ እጃችሁ ላይ ይሆናል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ሙሉውን ጨዋታ የያዘ ቪዲዮ ነው። ከምርጥ ምቶች ተቆርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ አይሆንም፤ የከሸፈ ብሬክ እዚያ ውስጥ አይገባማ።

ጨዋታው ሳይጀመር ደንቡን ከገጹ ራስ ላይ ጻፉ። ራኩ በሚደረደርበት በኩል ጠረጴዛው ላይ ምልክት ከተደረገበት ነጥብ ላይ የተቀመጠችው የትኛዋ ኳስ ናት? ኳሶቹን የሚደረድረው ዳኛ ነው ወይስ ተጫዋቹ ራሱ? የሚደረደሩት በተለመደው ሦስት ማዕዘን ነው ወይስ ማጂክ ራክ በሚባለው ስስ ፕላስቲክ ላይ? ብሬክ የሚመታው ያለፈውን ራክ ያሸነፈው ነው ወይስ በየተራ? በመጨረሻም፣ በዚያ ውድድር ሕጋዊ ብሬክ የሚባለው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ዘጠኙ ኳሶች በ1፣ 2፣ 3፣ 2፣ 1 ረድፍ ይደረደራሉ፤ 1 ቁጥር ጫፍ ላይ፣ 9 ቁጥር መሀል። በቆየው አደራደር ከነጥቡ ላይ የምትቀመጠው 1 ቁጥር ናት። ኳሶቹ ክፍተት ሳይኖር ከተነካኩ በሦስተኛው ረድፍ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ኳሶች ከኋላቸው ወዳሉት የጥግ ቀዳዳዎች ሰተት ብለው ይሄዳሉ፤ ኃይል እንኳ ብዙ አያስፈልግም። ተጫዋቹ ኮሪ ዱዌል በ2001 የዩኤስ ኦፕንን ሲያሸንፍ ሰው ሁሉ ያወራለት የነበረው ለስለስ ያለ ብሬኩ ነው። ማችሩም የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጃቸው ብዙ ውድድሮች ደግሞ 9 ቁጥር ከነጥቡ ላይ ትቀመጣለች። ራኩ በሁለት ረድፍ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ መቺው ስለሚጠጋ የዳር ኳሶቹ መንገድ ከጥግ ቀዳዳው ይስታል። መቺውም ነጯን ከጎን አስነስቶ 1 ቁጥርን መካከለኛው ቀዳዳ ውስጥ ለመክተት ይሞክራል። የሁለቱን አደራደር ቁጥር አንድ ላይ መደመር ጤፍና ገብስ ቀላቅሎ ምርቱን እንደ መስፈር ነው። ለየብቻ ገጽ ይኑራቸው።

የሕጋዊ ብሬክ ትርጉምም ይለያያል። በዓለም አቀፉ ደንብ ኳስ ካልገባ ቢያንስ አራት ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው። በማችሩም የሦስት ነጥብ ደንብ ደግሞ የገቡት ኳሶችና የመነሻውን መስመር (ነጯ ለብሬክ የምትነሳበትን) ያለፉት ተደምረው ሦስት መሙላት አለባቸው። በዚህ ደንብ አንድ ኳስ አስገብቶም ብሬኩ ሕገ ወጥ የሚሆንበት ተጫዋች አለ። መዝጋቢው "ገባ" ብሎ ከጻፈው ግን ስህተቱ ወደ ድምሩ ይዘልቃል።

አሁን ወደ መዝገቡ። ለእያንዳንዱ ብሬክ አንድ መስመር ስጡ፤ በመስመሩ ላይ የራኩ ቁጥር፣ የመታው፣ የገባው ኳስና የገባበት ቀዳዳ፣ የነጯ ዕጣ፣ 1 ቁጥር መታየቷ፣ መጨረሻ ላይም ራኩን ያሸነፈው ይጻፋል። ለምሳሌ፦

14፤ ሀ፤ 1 በመካከለኛ፤ ነጯ ደህና፤ 2 ትታያለች፤ ሀ ጠረገ

እዚህ ላይ 1 ቁጥር ስለገባች የሚቀጥለው ዒላማ 2 ነው፤ ስለዚህ "ትታያለች" የሚለው ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ስለቀረችው ትንሿ ቁጥር ነው። መቺው ኳስ አስገብቶም ዒላማው ከተጋረደበት "ፑሽ አውት" ሊል፣ ማለትም ዒላማውን መንካት ሳይገደድ ነጯን ወደ ሌላ ቦታ ሊገፋ ይችላል፤ እሱንም ጻፉት፤ ብሬኩ ግማሽ ዋጋውን እንዳጣ የሚያሳየው ይህ ነውና። 9 ቁጥር በብሬክ ከገባች ለብቻዋ ትመዝገብ፤ በአንዳንድ ውድድር ወዲያው ታሸንፋለች፣ በአንዳንዱ እንደገባችበት ቀዳዳ ወደ ነጥቡ ትመለሳለች። ስለ ቀለም አንድ ማሳሰቢያ፦ ለቴሌቪዥን በተሠሩ ኳሶች 4 ቁጥር ብዙ ጊዜ ሮዝ፣ 7 ቁጥር ደግሞ ቡናማ ናት፤ ሐምራዊና ጥቁር ቀይ የለመደ ዓይን በፍጥነት ሲያይ ይሳሳታል። ምቱን በዝግታ መልሳችሁ እዩት።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በአካፋዩ ነው። ለሒሳቡ ብቻ የሠራነውን ምሳሌ እንይ። አንድ ተጫዋች 40 ብሬክ መታ። በ26ቱ ኳስ ገብቶ ነጯ ደህና ቀረች፣ በ3ቱ ነጯ ቀዳዳ ገባች፣ በ11ዱ ምንም አልገባም። ከ26ቱ በ17ቱ ዒላማው ታየ። ጠርጎ የጨረሰው 12 ራክ ነው። ይህ ሰው "ከብሬክ ጠርጎ የመጨረስ" መጠኑ ስንት ነው? ከ40 ከተሰላ 30 በመቶ፣ ከ26 ከተሰላ 46 በመቶ፣ ከ17 ከተሰላ 71 በመቶ። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። የመጀመሪያው ብሬኩንም ጨዋታውንም አንድ ላይ ይመዝናል፣ ሦስተኛው የብሬክን ዕድል አውጥቶ የኳስ አያያዙን ብቻ ይመዝናል። ሁለት ሰው ስታወዳድሩ አካፋዩ አንድ መሆኑን ሳታዩ አትጀምሩ። በ3ቱ ምት ከነጯ ጋር ሌላ ኳስ ገብቶ ቢሆንም እንኳ ከ"ገባ" ውስጥ አይደመሩም፤ ተጋጣሚው ነጯን ባሻው ቦታ አስቀምጦ ይጫወታልና ምንም ካልገባበት ደረቅ ብሬክ ይብሳሉ።

"ብሬክ የመታው ራኩን ያሸነፈው 58 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ብሬክ መምታት ይጠቅማል" የሚለው አባባል ከሁሉም በላይ ያታልላል። ያሸነፈ ብሬክ በሚመታበት ውድድር ይህ ድምዳሜ አይሠራም። ሀ ብሬክ መታም አልመታም እያንዳንዱን ራክ በ70 በመቶ ያሸንፋል እንበል፤ ብሬኩ ምንም ጥቅም የለውም ማለት ነው። ያሸነፈ ስለሚመታ በጊዜ ብዛት 70 በመቶውን ብሬክ የሚመታው ሀ ነው። መቺው የማሸነፉ መጠን 0.7 በ0.7፣ ሲደመር 0.3 በ0.3 ይሆናል፤ 0.58። ዋጋ የሌለው ብሬክ 58 በመቶ አወጣ! ቁጥሩን የፈጠረው ጎበዙ ተጫዋች ደጋግሞ መምታቱ ነው። በየተራ ሲመታ ያው ሒሳብ 50 በመቶ ይሰጣል። መፍትሔው አንድን ተጫዋች ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው፦ ራሱ ሲመታ ስንቱን አሸነፈ፣ ተጋጣሚው ሲመታበትስ ስንቱን? ልዩነቱ የብሬኩ ዋጋ ነው።

ቪዲዮው ተቆርጦ ውጤቱ ብቻ ቢኖራችሁስ? ያሸነፈ በሚመታበት ደንብ የብሬኩን ብዛት ከውጤቱ ማውጣት ይቻላል። ሀ 9 ለ 4 ካሸነፈና የመጀመሪያውን ብሬክ ያገኘው እሱ ከሆነ 9 ብሬክ መቷል፣ ተጋጣሚው 4። የመጀመሪያውን ያገኘው ተጋጣሚው ከሆነ 8 ለ 5 ነው። ምክንያቱ የመጨረሻው ድል ሌላ ብሬክ አያስከትልም።

ቀጥሎ የብዛት ጉዳይ አለ። መቶኛውን ከመቶ በቀረው አባዙ፣ ለብሬኩ ብዛት አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በ2 አባዙ፤ የሚወጣው ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ስፋት ነው። በ20 ብሬክ 60 በመቶ ያስገባ ሰው 60 በ40፣ ለ20፣ ስኩዌር ሩቱ 11 ገደማ፣ ዕጥፉ 22። ማለትም እውነተኛ ችሎታው ከ38 እስከ 82 በየትኛውም ቦታ ሊሆን ይችላል። በ100 ብሬክ ስፋቱ ወደ 10፣ በ400 ወደ 5 ይወርዳል። እስከ 13 የሚደርስ ጨዋታ ቢረዝም 25 ራክ ነው፤ ከአንድ ፍጻሜ ተነስቶ የሰውን ብሬክ ማድነቅም መንቀፍም ችኮላ ነው። ትንሿ ልዩነት ግን ስትደጋገም ምን እንደምትሆን ለማየት፣ ተጫዋቹ ኧርል ስትሪክላንድ በ1996 ዳላስ ላይ የሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት ለማግኘት ያስፈለገውን 10 ተከታታይ ራክ አስቡ። እያንዳንዱን ራክ በ50 በመቶ የሚጠርግ ሰው ይህን ከ1,024 ሙከራ አንዴ ያገኘዋል፤ በ30 በመቶ የሚጠርግ ከ169 ሺህ ሙከራ አንዴ።

ፍጥነትን መለካት ለሚፈልግ፦ በዘጠኝ ጫማ ጠረጴዛ ከመነሻው መስመር እስከ ራኩ ነጥብ 127 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የኳሷ ስፋት 5.7 ሲቀነስ ነጯ የምትሄደው 121 ገደማ ነው። 9 ቁጥር ከነጥቡ ላይ ከሆነች 111 ይሆናል፤ ነጯ ከመሀል 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ከተቀመጠች ደግሞ 114። በሴኮንድ 30 ምስል በሚይዝ ቪዲዮ አይሞከርም። ለ121 ሴንቲ ሜትር አራት ምስል ከቆጠራችሁ በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ከቆጠራችሁ 26 ይወጣል፤ በአንድ ምስል ስህተት 7 ኪሎ ሜትር። በስልክ በሴኮንድ 240 ምስል ከተቀረጸ 36 ምስል 29 ኪሎ ሜትር ነው፣ 37 ደግሞ 28 ይሆናል፤ ስህተቱ ከ1 በታች ነው። ካሜራ ከሌለ ድምፁን ተጠቀሙ፦ ስቴካው ነጯን የመታበትና ነጯ ራኩን የመታችበት ሁለት ድምፅ በድምፅ ማረሚያ መተግበሪያ ላይ እንደ ሁለት ጫፍ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ለርቀቱ አካፋይ አድርጉት።

ፍጥነቱን ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ጨምሩት። መቶ ያህል ብሬክ ሲሞላ መስመሮቹን ከፈጣኑ ወደ ዝግተኛው ደርድራችሁ ሦስት ቦታ ክፈሏቸው፤ በእያንዳንዱ ክፍል ኳስ ስንቴ እንደገባ፣ ነጯ ስንቴ ቀዳዳ እንደገባች፣ ዒላማው ስንቴ እንደታየ ቁጠሩ። በፈጣኑ ክፍል ኳስ የገባበት ቁጥር ጨምሮ ዒላማው የታየበት ቁጥር ካልጨመረ፣ ተጫዋቹ ትርፉን ኃይል የሚያወጣው በከንቱ ነው።